ረድፍ አራት፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም
ኅዳር 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለማከብርህ ሚዜዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የዛሬዋ የኪዳነ ምሕረት ሰላም ከነቤተሰብህ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ የደም ብዛቷ ተሻላት? ልጆቹስ? ትልቁ በእኔ ቁጥር ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ አገር ቤት ትተኸው ስትወጣ ድክ ድክ ይል ነበር ብለህ ያጫወትከኝ ትዝ ይለኛል። እዚያ ሰሜን፣ ጎተቦርግ ብርዱ ከእኛው ይብሳል ይባላልና፣ ያ ዝቅ ያለው ግራ ትከሻህ ክረምት ሲገባ ዛሬም ይጠዘጥዝሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ ሬንተ፣ ጡረታ ከገባሁ ወዲህ ሰውነቴ አርፏል፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ይለግማል። ጾሙም ትናንት ገባ፤ በሰላም ያስፈጽመን።

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው። ስልክ መደወሉ ይቀል ነበር። ግን አንተ በስልክ ጨዋታ ታውቃለህ፤ አስቀህ አስቀህ ሌላ ወሬ ውስጥ ትከተኛለህ፤ ስዘጋው የደወልኩበት ጉዳይ ሳይነሣ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። ሙሉወርቅ ካረፈች ዘጠኝ ወር ሞልቶ ነበር። ደብዳቤ ግን አሁንም ይመጣላታል፤ ጀርመን ሰው መሞቱን ቶሎ አያምንም። ይኼኛው የመጣው አልተንቬር ከምትባል ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። ስሟን ሰምቼ አላውቅም። ጀርመንኛዬን ታውቀዋለህ፣ ለልብስ ማጠቢያው ይበቃ ነበር እንጂ ለአምት፣ ለመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ አይበቃም። ከታች ያለውን ጎረቤቴን ባህታን ጠራሁት፤ የአስመራው ሰውዬ፣ ባቡር ላይ የሚሠራው። መነጽሩን ሰክቶ አነበበልኝ። ረድፍ አራት፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ ባለው ቦታ የመጠቀም መብትዎ በዲሴምበር ሠላሳ አንድ ያበቃል፤ ካላደሱት ተክሉንና የጠርዙን ድንጋይ አንሥተው ቦታውን ያስረክቡ ይላል አለኝ። የምን ቦታ አልኩት። ሳቀብኝ። “ሓወይ፣ ጋርተን ነዋ! ጀርመን ከከተማ ዳር መሬት ተከራይቶ ቲማቲም ይተክል የለ? ሚስትህ ጋርተን ነበራት፤ አንተ ግን አንዲት ቲማቲም አልቀመስክም። ማን ይሆን ሲበላው የኖረው?” አለኝ።

እሱ ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

ሙሉወርቅ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት አለብኝ እያለች ትወጣ ነበር። መሃል ከተማ፣ ኢነንሽታት ያለውን ባንክ ስታጸዳ ሃያ ዓመት አለፋት፤ እኔም አንድ ቀን የምን ትርፍ ሰዓት ብያት አላውቅም። ደብዳቤው በመጣ በማግስቱ የሥራ ሰዓት ወረቀቷን ከካርቶን አውጥቼ አየሁ። ቅዳሜ የሚል የለበትም። አንድም። ከዚያ ቁም ሣጥኗን ከፈትኩ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እጄን አስገብቼበት አላውቅም። ከክረምት ጫማዋ ጀርባ በፌስታል የተጠቀለለ አገኘሁ፤ አፈር የደረቀበት ጓንት፣ የእጅ መኮትኮቻ፣ ክዳን ያላቸው ሁለት ቀይ የሻማ ብርጭቆዎች፣ እንዲሁም አንድ ቀጭን መጽሐፍ። ሻማዎቹን ሳይ ልቤ ጠቆረ። ቲማቲሙስ ይሁን፤ ጋርተን ውስጥ ቀይ ሻማ የሚበራው ለምንድነው? ከማን ጋር ተቀምጠው ነው የሚያበሩት?

እንግዲህ አንተ ወንድሜ ነህ፤ አልደብቅህም። ጠዋት ጠዋት ዳዊቴን ስደግም አፌ መዝሙሩን ይላል፣ ልቤ ግን ቅዳሜዎቹን ይቆጥራል። የሞተችን ሴት መጠርጠር ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ አላውቅም። መልስ መስጠት አትችልም፣ ስለዚህ ጥርጣሬው ማቆሚያ የለውም።

መጽሐፉ አልተንቬር የተቆረቆረችበት ሰባት መቶ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር የከተማው ሰዎች ያሳተሙት ነው። በመዝገበ ቃላት እየተረጎምኩ ሦስት ሳምንት አነበብኩት። የጠላቱን አገር ካርታ እንደሚያጠና ወታደር ነበርኩ ብልህ አላጋነንኩም። ከተማዋ ሦስት ሺህ ሰው አይሞላትም። ስሟን ያገኘችው ወፍጮ ለማዞር ወንዙ ላይ ከተሠራው አሮጌ ግድብ ነው። መጀመሪያ ምስማር ቀጥቃጮች ነበሩባት፤ ከዚያ አንድ ዳቦ ጋጋሪ እሳቱን ሳያጠፋ ተኝቶ ከቤተ ክርስቲያኑና ከአሥራ አንድ ቤት በቀር ሁሉም ነደደ። በኋላ የብረት ሳህን ፋብሪካ ተከፈተ፤ እኛ ልጆች ሆነን የበላንበትን ባለ አበባውን ነጭ ሳህን ዓይነት። ከጦርነቱ በኋላ ከምሥራቅ የተባረሩ ጀርመኖች በከብት ባቡር መጡ፤ ለፋብሪካው ደግሞ ቱርኮች መጡ። ገጽ ስድሳ አንድ ላይ አንድ መስመር ብቻ በእርሳስ ተሰምሮበታል። “ሂርሽ የተባለው የቀድሞ የእንግዳ ማረፊያ ከ1984 እስከ 1989 የውጭ አገር ስደተኞችን አስተናግዷል” ይላል። በፈረንጅ ነው ዓመቱ።

ከመስመሩ ሥር ፎቶ አለ። የ1987 የበጋ በዓል ይላል። ሰልፍ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ከዳር ሙሉወርቅ ቆማለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። ከጎኗ አንድ ረጅም የእኛ ሰው አለ፤ ፊቱን ወደ ሙዚቀኞቹ አዙሯል። ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል።

ፎቶውን ብዙ አየሁት። ሚዜዬ፣ አንተ እሷን ወደ እኔ ስታመጣት፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትናንት የተዋወቅኋት፣ ደህና፣ ብቸኛ ልጅ ናት ነው ያልከኝ። ይኸው ነው ያልከኝ። አንድም አልጨመርኩም።

ከመስቀል በኋላ፣ በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ከሃውፕትባንሆፍ፣ ከዋናው ጣቢያ ባቡር ያዝኩ። በቀኑ የሄድኩት ሆነ ብዬ ነው፤ በቀጠሮዋ ቀን ሰውየው ይመጣ ይሆናል ብዬ። ከባቡር ወርዶ ደግሞ አውቶቡስ ነው። ከተማዋ መጽሐፉ ላይ እንዳለችው ናት፤ እንጨቱ ከግድግዳው ላይ የሚታይ ዘንበል ዘንበል ያሉ ቤቶች፣ በረንዳው ሁሉ አበባ፣ ሰው የለም፣ ግን መጋረጃው ሁሉ ይነቃነቃል። ጉሮሮዬ ደርቆ ዳቦ ቤት ገባሁ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ሴትዮዋ ታመው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ክው አልኩ። የትኛዋ ሴትዮ አልኩት። በየወሩ የሚመጡት፣ እንደ እርስዎ ያሉ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ሁለት ሁለት የሚገዙት አለኝ። ሁለት! አንዱስ ለማን ነው? ሰውየውን አየሁት፤ ወፍራም፣ ሽበታም፣ እጁ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለው። እሱን ራሱን ጠረጠርኩት እኮ! ታምነኛለህ? በዚያች ከተማ ያየሁትን ወንድ ሁሉ ጠርጥሬአለሁ፤ አውቶቡስ ነጂውን፣ አጥር የሚቀባውን ሽማግሌ፣ ከውሻው ጋር ያለፈውን ሰውዬ።

ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤቱ ዝግ ነው። ሂርሽ የተባለው ቤት ግን ዛሬ የከተማዋ ሙዚየም ሆኗልና ክፍት ነበር። አንዲት ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ኬልነር ይባላሉ። ደብዳቤውን ከማሳየቴ በፊት ከተማዋን ላሳይህ ብለው ተነሡ። እኔም ነገሩን የሚያዘገዩ፣ ለአንድ ሰው ጊዜ የሚገዙ መስሎኝ ዓይኔን ከበሩ ላይ አላነሣሁም። የምስማሩን መዶሻ አሳዩኝ። የፋብሪካውን ሳህን አሳዩኝ፤ በእርግጥም እናቴ ቤት የነበረው ነው፣ ያቺው ሰማያዊ አበባ። በኋላ ፎቅ አወጡኝና ከአንድ መስኮት አጠገብ ቆሙ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ተባርረን ስንመጣ የተሰጠን ጥግ ይኸ ነው አሉኝ። የአልተንቬር ሰዎች ደጃቸውን ዘግተውብን ነበር፤ አፋችን እንደነሱ አይናገርማ፤ ታናሽ ወንድሜንም መንገድ ላይ ቀብረነው ነው የመጣነው፣ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም አሉኝ። ከዚያ፣ በሰማንያዎቹ እናንተ ስትመጡ እዚሁ ቤት ገባችሁ፤ እኔ ኬክ ጋግሬ መጣሁ፣ የማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም አሉኝ።

ይኼኔ ደብዳቤውን አወጣሁ። አነበቡት፤ አጣጠፉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሙሉ የት አለች ብለው ጠየቁኝ። ሞታለች አልኩ። ከዚያ ክንዴን ይዘው፣ እንግዲህ በመጨረሻ መጣህ አሉኝ። ከሰሜን ነው የመጣኸው? አሉኝ። አይ፣ ከፍራንክፈርት ነኝ፣ ባሏ ነኝ አልኳቸው። እጃቸውን ከክንዴ ላይ አነሡና፣ ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ ብለው ወሬውን ለወጡ።

ከሰሜን ለምን እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሽቅብ ወሰዱኝ። የብረት በር ከፈቱ። ውስጡ ሁሉ አበባ ነው፤ በሥርዓት የተከረከመ፣ መንገዱ ጠጠር የፈሰሰበት። የጋርተን ቦታው ይኸ ነው ብዬ በልቤ ሰውየውን ከአበባው መካከል ፈለግሁ። ከዚያ መስቀሎቹን አየሁ። ከየመስቀሉ ሥር ያ ቀይ ሻማ ይበራል።

ሚዜዬ፣ እኛ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ አገር ስንኖር ሬሳ ስንሸኝ ነው የኖርነው፤ ገንዘብ አዋጥተን፣ አውሮፕላን ላይ አሳፍረን። አፈራቸውን አናውቀውም። ለሙት ቦታ የሚከራይ፣ ጊዜው ሲያበቃ አበባህን ንቀልና ልቀቅ የሚል ሕዝብ አለ ብሎ የኔ ልብ እንዴት ያስብ? ባህታም አላሰበው።

ረድፍ አራት የሕፃናት ነው። ዐሥራ ሰባተኛዋ ከጠረጴዛ አትበልጥም። ድንጋዩ ላይ በእኛ ፊደል ‘ኢየሩስ’ ይላል፤ ከሥሩ በፈረንጅ ቁጥር ዲሴምበር 1987 ገብታ፣ በዚያው ዲሴምበር ሄዳለች። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን። ከስሟ ቀጥሎ አንድ ቃል የሚያስገባ ቦታ ለስልሶ ባዶውን ተትቷል። ወይዘሮ ኬልነርን ይህ ለምንድነው አልኳቸው። አባቷ ሲመጣ ስሙ ይጻፋል ብላ ነው ያስተወችው አሉኝ። ሁለተኛው ዳቦስ አልኩ፣ እንደ ሞኝ። ድንጋዩ ላይ ትፈረፍርላታለች፣ ወፎች ይመጣሉ አሉኝ።

ዝናቡ መጣ፤ እኔ እዚያው ቆምኩ።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ እንዳልሰጠን ታውቃለህ። በተጋባን በሰባተኛው ዓመት፣ ተናድጄ፣ አንቺ መካን፣ ቤቴን ጨለማ አደረግሽው ብያታለሁ። ሰክሬ እንኳ አልነበረም። ሳህኑን አጥባ አስቀመጠች። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፣ ትርፍ ሰዓት አለብኝ ብላ ወጣች። ስጠረጥራት ከሰነበትኩባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ የበለጠ አሁን ያቺ ቅዳሜ ትከብደኛለች።

ሌላም አለ። ሆስፒታል ሳለች እጄን ይዛ፣ አገር አትውሰደኝ፣ እዚሁ ቅበረኝ፣ እዚህ ብቻዬን አልሆንም አለችኝ። መድኃኒቱ ነው የሚያስቀባጥራት አልኩ። ሆኖም ቃሏ ከንክኖኝ ስለነበር፣ እዚሁ ላሳርፋት ይሆን ብዬ አማከርኩህ። ትዝ ይልሃል? በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ደወልክ። ያባቶቿ ቤተ ክርስቲያን እያለ ፈረንጅ አፈር ላይ ልትጥላት ነው ወይ፣ ሰው ምን ይልሃል አልከኝ። ስታለቅስ ሰማሁህ። ለእኔ አዝነህ መስሎኝ ነበር። ሬሳዋን ሸኘኋት። ዛሬ እሷ እንጦጦ ሥር፣ ልጅቷ አልተንቬር ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነው ወይ የዘረጋሁት? ይህን ራሴን እጠይቃለሁ፤ አንተንም አልጠየቅሁም አልልህም።

ባለፈው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ሰጠኝና ሄድኩ። ካልታደሰ ከዘመን መለወጫቸው በኋላ ድንጋዩ ይነሣል፣ መሬቱ ይስተካከላል፣ በላዩ ሣር ይዘራል፤ ሌላ ሕፃን እስኪመጣ። ሙሉወርቅ አንዴ አድሳው ነበር፤ ለሁለተኛው ዕድሜዋ አልበቃም። ጸሐፊዋ ፎርም ሰጠችኝ። ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ወረፋ አለ፤ ከኋላዬ ሰው ያስላል። ጸሐፊዋ ደግ ናት፣ ጎንበስ ብላ አባቷ ነዎት አይደል አለችኝ። የእናቷ ባል ነኝ ብል መብቱ በውርስ ይደርሰኝ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ግን ያ፣ አዎ! ብዬ መለስኩ። ‘ፋተር’፣ አባት ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሃያ አምስት ዓመት ባዶ የቆየ ወንበር ላይ ሰው እያየኝ ተቀመጥኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚገርመኝ ይኸ ነው።

ለዲሴምበር መጨረሻ የነበረው ነገር አበቃ፤ ኢየሩስ እስከ 2022 በፈረንጅ አትነሣም። ከዚያ በኋላ ማን ያድሳል እንዳትለኝ፣ እኔም ያን ጊዜ የምኖር አይመስለኝም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አባ ዘርኣማርያምን ጠጋ ብዬ፣ አንድ ሰው የሱ ያልሆነች ልጅ ልጄ ናት ብሎ ቢፈርም፣ ደግሞም ልጅቷ፣ ወይዘሮ ኬልነር እንደነገሩኝ፣ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት በሆስፒታል ፈረንጅ ቄስ ውኃ ያፈሰሰባት ብትሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “አንድ ሰው የሚባል ንስሐ ልጅ የለኝም” አሉኝ። “የሕፃኗን ነገር ለፈጠራት ተውለት፤ የአንተን ግን እውነቱን ሙሉውን ይዘህ ና፣ ግማሽ ይዘህ እንዳትመጣ” አሉኝ። ግማሹ እኔ ጋ ነው። የቀረው ግማሽ ያለበትን ቤት አድራሻ ፖስታው ላይ ጽፌዋለሁ።

ልከስህ አይደለም። እኔ ራሴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ በዚህ ሁለት ወር አይቻለሁ፤ የሞተችን የሚጠረጥር፣ ዳቦ ጋጋሪን የሚጠረጥር። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ፊቱ አይታይም፤ ማንም ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ማንም ሊሆን ይችላል እያልኩ ልሙት? ሚስቱ ከነልጆቿ ልትመጣ ቀን የምትቆጥር ሰው፣ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ወጣት ነበር። እኔ ፍርሃትን አውቃለሁ። ዝምታን ነው የማላውቀው፤ ሃያ ሦስት ዓመት በዓል በዓሉን እየደወሉ ሙሉ እንዴት ናት የማለትን ዓይነት።

የቀረችኝ ጉዳይ አንዲት ናት። ድንጋይ ጠራቢው ውርጩ ሲለቅ፣ በመጋቢት ይመጣል። ከኢየሩስ ቀጥሎ ምን ልጻፍ ብሎ ወረቀት ሰጥቶኛል። የራሴን ስም ልጽፍ ሞከርኩ፤ ማዘጋጃ ቤት ያልተንቀጠቀጠ እጄ ያን ጊዜ እምቢ አለኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስከ መጋቢት ባዶውን ይቆያል።

በታኅሣሥ የሙሉወርቅ ሙት ዓመት ነው። እኛን የሚያስበን አምላክ እሷንም ያስባት። ለአንተም እድሜና ጤና፣ ለባለቤትህ ምሕረት፣ ለልጆችህ በረከት ይስጥልኝ፤ ቤትህን አይበትንብህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። መምጣት ካማረህ በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ አድርገው። ዳቦ ቤቱ ዘቢብ ያለበትን ሁለት እያስቀመጠልኝ ነው፤ ሦስተኛ ጨምር እለዋለሁ።

አጅበህ ወደ እሷ ያደረስከው
ሙሽራ